የባሮ መንገድና የኢሉባቦር አሮጌ መስታወት

በሁሩሙም ሆነ በመቱ ለቤቱ ጌጥ አሮጌ መስታወት የሚመርጥ ሰው፣ ከክፈፉ ውበት አስቀድሞ ዕቃው ሊመጣ የቻለበትን መንገድ ቢመረምር መልካም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል መሠረት በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከተፈቀደ ወዲህ፣ ባሮ በክረምት ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች ጨውና ጨርቃ ጨርቅ እያራገፉ የኢሉባቦርን ቡና ይጭኑ ነበር፤ ከጋምቤላ እስከ ጎሬ ያለውን ዳገት ግን ጭነቱ በእንስሳት ጀርባና በሰው ትከሻ ይወጣው ነበርና፣ እንደ መስታወት ያለ ተሰባሪ ዕቃ በዚያ ጎዳና ተጉዞ በደኅና ቢደርስ በእውነት ሊደነቅ ይገባዋል። ጎሬ የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ፣ የግሪክና የሶርያ ነጋድያንም መናኸሪያ ነበረች።

ጀርመናዊው ሊቅ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ እ.ኤ.አ. በ1835 መስታወትን ብር የማልበስን ጥበብ ከመግለጡ በፊት፣ የመስታወት ጀርባ በቆርቆሮና በባዜቃ ይሠራ ነበር፤ ባዜቃም መርዝ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ጀርባ መፋቅ ፈጽሞ አይገባም። ብሩም ቢሆን እርጥበት ያጠቃዋል፤ ዝናም በሚበዛበት በዚህ አገር ጠርዙ ቢጠቁር ነውር አይደለም፣ እኔም እንደ አዲስ ከሚያስለብሱት ይልቅ እንዳለ የሚያኖሩትን አመሰግናለሁ። ክፈፉ ከዋንዛ የተሠራ ከሆነ የአገር አናጺ እጅ ገብቶበት ሊሆን ይችላልና፣ መጋጠሚያው ተመርምሮ፣ ምስጥም አለመግባቱ ታይቶ፣ ከእርጥብ ግድግዳ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ይሰቀል።