ሳአብን ማን ገደለው?

ስዊድን ሁለት ስመ ጥር መኪናዎች ነበሯት፤ ቮልቮ እና ሳአብ። ሁለቱም በአሜሪካኖች እጅ ገቡ። ቮልቮ ዛሬም ይመረታል፣ የሳአብ መኪና ግን ታሪክ ሆኗል። ለምን?

ሳአብ እ.ኤ.አ. በ1937 ሲመሠረት ሥራው የጦር አውሮፕላን ነበር (ያኛው ሳአብ አሁንም አለ)። ከጦርነቱ በኋላ ወደ መኪና ፊቱን አዞረ። የመጀመሪያው ሞዴል፣ ሳአብ 92፣ በ1949 ትሮልሄታን ከተማ መመረት ጀመረ። የአውሮፕላን መሐንዲሶች ስለነደፉት ቅርጹ አየር ሰንጣቂ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ 99 ቱርቦ መጣ፤ ቱርቦን ለተራ የቤተሰብ መኪና ካመጡት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። ቁልፉ እንኳ የሚገባው ከመሪው ጎን ሳይሆን በሁለቱ የፊት ወንበሮች መሃል ነበር። ደንበኛው የሚገዛው ይህን ልዩነት ነው።

ጄኔራል ሞተርስ በ1990 ግማሹን፣ በ2000 ሙሉውን ያዘ። ወጪ ለመቆጠብ ሳአብን በኦፔል መሠረት ላይ አሠራው። ሲብስም የሱባሩን መኪና ጥቂት ነካክቶ የሳአብ ዓርማ ለጠፈበት።

በ2010 ዕጣቸው ተለያየ። ፎርድ ቮልቮን ለቻይናው ጂሊ ሸጠ። ሳአብ ደግሞ ስፓይከር ለተባለ ትንሽ የሆላንድ ኩባንያ ተሸጠ። ገንዘቡ አልቆ ቻይናውያን ሊገዙት ሲመጡ ጄኔራል ሞተርስ ቴክኖሎጂዬን ለእነሱ አልሰጥም አለ። በ2011 መጨረሻ ሳአብ ከሰረ።

ገበያው ነው የገደለው የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ሳአብ ሁሌም ትንሽ ነበር፤ ትርፉም ቀጭን። ግን ሌሎችን እንዲመስል ሲደረግ የሚገዛበት ምክንያትም አብሮ ጠፋ። ጂሊ በአንጻሩ ቮልቮን ቮልቮ ሆኖ እንዲቀጥል ተወው።

ስለዚህ ባለሀብት መጣ ሲባል ስንት ይከፍላል ብቻ አንበል። የሚገዛው ነገር ምን እንደሆነ ገብቶታል ወይ ብለንም እንጠይቅ።