ቡናና ወለድ አገድ፤ በጅማ አካባቢ የመኖሪያ መሬት መግዣ ገንዘብ ታሪክ

መግቢያ

በጅማ ከተማ ዳር፥ በኪቶ ፉርዲሳ፥ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ሕንፃዎች ከሚያልቁበት ላይ የገበሬው ማሳ ይጀምራል። በማሳውም መካከል፥ በባሕር ዛፍና በጫት ጥግ፥ አዲስ ቆርቆሮ የለበሱ ቤቶች እዚህም እዚያም ቆመው ይታያሉ። ከባለቤቶቹ አንዱን «መሬቱን ገዙት ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው «የገዛሁት ቤቱን ነው» የሚል መልስ ያገኛል። መልሱ ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም። ሕጉ መሬት እንዲሸጥ አይፈቅድም፤ የከፈለውም ሰው የከፈለው ለጭቃና ለቆርቆሮ ብቻ እንዳልሆነ ሻጭም ገዢም ጎረቤትም ያውቃሉ።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ይኸው መልስ ነው። ስለ አገራችን የመሬት ይዞታ ብዙ ተጽፏል፤ የተጻፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ መሬቱ የማን እንደ ነበረ የሚገልጽ ነው። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው። ይኸውም፥ በገጠር ቤት ሠርቶ፥ ቡና ተክሎ ለመኖር የፈለገ ሰው የመሬቱን ዋጋ ከየት ያገኝ ነበር? የሚል ነው። በጅማና በዙሪያዋ ባሉት በአጋሮ፥ በሊሙ፥ በየቡና በሰቃ ያለውን ታሪክ ስንመለከት፥ ገንዘቡ ከቡና እንደ ወጣ፥ ቡናውን ወደ መሬት የለወጠው የሰው ለሰው ብድር እንደ ሆነ፥ ያው ብድር ደግሞ የሌላውን ሰው መሬት እንደ ወሰደ እናያለን። ይህን በየተራው ለማስረዳት እንሞክራለን።

፩. በንጉሥ አባ ጅፋር ዘመን

ጅማ ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዱ ነበረ። ንጉሥ አባ ጅፋር 2ኛ በ1870 ዓ.ም. ገደማ ከነገሡ በኋላ ለዐፄ ምኒልክ በመገበር የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀው ቆዩ። ስለዚህ በሌሎች የደቡብ አገሮች የተተከለው የነፍጠኛና የገባር ሥርዓት በዚያን ጊዜ ወደ ጅማ አልገባም። ንጉሡና ሹማምንቱ ሰፊ መሬት ቢኖራቸውም ተራውም ሰው መሬቱን በግል ይይዝ፥ ለልጁ ያወርስ፥ ሲቸግረውም ይሸጥ ነበር።

ገንዘቡ የሚገኘው ከገበያ ነበረ። ከጅሬን ቤተ መንግሥት በታች የነበረው የሂርማታ የሐሙስ ገበያ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ስመ ጥር ነበረ። አፍቀላ የሚባሉት ነጋዴዎች በዚህ ገበያ ይመላለሱ ነበር፤ መገበያያውም አሞሌ ጨውና ማርትሬዛ ብር ነበረ። ከዚህ ገበያ ሀብት ውስጥ አንዱ ክፍል ከባሪያ ንግድ የመጣ መሆኑን ሳንጠቅስ ብናልፍ ታሪኩን ማጉደል ይሆንብናል። በኋላ ቡና የተተከለበት መሬት ሁሉ በነጻ ሰው ጉልበት ብቻ የተመነጠረ አልነበረም።

የታሪክ ተመራማሪው ጉሉማ ገመዳ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ባሳተሙት ጥናት የቡና መስፋፋትና የጅማ ራስን የማስተዳደር መብት መጥፋት የተያያዙ መሆናቸውን አሳይተዋል። የባቡር ሐዲዱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ቡናው ዋጋ እያገኘ ሄደ፤ የማዕከላዊው መንግሥት ዓይንም በጅማ ላይ አረፈ። በ1924 ዓ.ም. ጅማ በቀጥታ ከማዕከሉ በሚላኩ ሹማምንት ትተዳደር ጀመር።

፪. መሬትና ብር ከነጻነት በኋላ

ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን የአዲስ አበባን የጅማ መንገድ ሠሩ፤ የጅማንም ከተማ አስፋፉ። ከነጻነት በኋላ መንግሥት በ1934ና በ1937 ዓ.ም. ባወጣቸው የግብር ሕጎች መሬት ለም፥ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ ተመደበ፤ ግብሩም በገንዘብ እንዲከፈል ሆነ። ለአርበኞች፥ ለስደተኞች፥ ለወታደሮችና ለመንግሥት ሠራተኞች የጋሻ መሬት ስጦታ ተደረገ። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ስለ ሆነ፥ በዚያ ላይ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚኖርበት ሰው ይገኝ ነበር። መሬቱን የተቀበለው ሰው በሩቅ ከተማ የሚኖር ሲሆን፥ ነዋሪው ገበሬ በአንድ ቀን ጭሰኛ ሆኖ ይገኝ ነበር። በኋላም የመሬት ይዞታ ሚኒስቴር ባደረገው ጥናት በከፋ ጠቅላይ ግዛት ከገበሬው ከግማሽ የሚበልጠው ጭሰኛ ሆኖ ተገኝቷል።

በዚህ ጊዜ መሬት መግዛት ማለት ሀብት ማግኘት ብቻ ሳይሆን ከመባረር መዳን ማለት ሆነ። የራሱ መሬት የሌለው ሰው ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይከፍላል፤ አሥራትም ይጨመርበታል፤ ባለመሬቱ ሲፈልግ ያስወጣዋል። ከዳውሮ፥ ከከፋና ከከምባታ ለቡና ለቀማ የሚመጡት ሠራተኞችም ከደመወዛቸው ቆጥበው ቢቀሩ፥ ተስፋቸው አንዲት ቁራሽ መሬት ማግኘት ነበረ።

የቡና ዋጋ መነሣት ይህን ተስፋ ከፍ አደረገው። በ1945 ዓ.ም. በብራዚል የወረደው ውርጭ የቡናውን ተክል ስላቃጠለ፥ በተከታዩ ዓመት የዓለም የቡና ዋጋ እጅግ ከፍ አለ። በአጋሮ የሚኖር ገበሬ ብራዚል ወዴት እንደ ሆነች ባያውቅም፥ የጀንፈሉ ዋጋ መጨመሩን በገበያ ቀን ያውቅ ነበር። የቡናው ዋጋ ሲጨምር የመሬቱም ዋጋ ይጨምራል። ስለዚህ መሬት መግዛት ይችል ዘንድ ገንዘብ ያገኘው ገበሬ፥ መሬቱ ከእርሱ ፈጥኖ ሲወደድ ተመለከተ።

አዲስ የተተከለ ቡና ፍሬ ለመስጠት ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈልጋል። ገዢው ዋጋውን ከከፈለ በኋላ እስከዚያ በበቆሎና በማሽላ ቤተሰቡን መመገብ አለበት። ምንጣሮውንና የቤት ሥራውን ጎረቤት በደቦና በዳዶ ያግዘዋል፤ ግብሩንና የጨው መግዣውን ግን ደቦ አይከፍልለትም። ብድር የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ነው።

፫. ወለድ አገድ

ብድሩ ብዙ መልክ ነበረው። አንደኛው ቡናውን አበባ ላይ ሳለ መሸጥ ነው። ነጋዴው በክረምት፥ ጎተራው በጎደለ ጊዜ፥ ለገበሬው ገንዘብ ይሰጣል፤ በመከር ጊዜ በተቆረጠው ዝቅተኛ ዋጋ ቡናውን ይቀበላል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ወለድ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ቢወስንም፥ በዚህ ውል ውስጥ ወለድ የሚባል ቃል ስለማይገኝ ሕጉ የሚይዘው ነገር አልነበረውም። አብዛኛው የጅማ ሕዝብ እስላም ስለ ሆነና ወለድ በሃይማኖቱ የተከለከለ ስለ ሆነ፥ ወለዱ በስሙ የማይጠራበት ውል ይበልጥ ተቀባይነት ነበረው።

ሁለተኛውና ዋናው ወለድ አገድ ነው። በወለድ አገድ ተበዳሪው መሬቱን ለአበዳሪው ያስረክባል፤ አበዳሪውም ገንዘቡ እስኪመለስለት ድረስ የመሬቱን ፍሬ ስለ ወለዱ ይበላል። ዋናው ዕዳ ግን አይቀነስም። ለምሳሌ ያህል አንድ ገበሬ ለልጁ ሠርግ ወይም ለክርክር ወጪ 200 ብር ቢበደርና የቡና ማሳውን ቢያስይዝ፥ አበዳሪው በየዓመቱ ቡናውን ይለቅማል። በሦስት ዓመት ከሸጠው ቡና ያበደረውን ገንዘብ ሁሉ ቢያገኝ እንኳ ገበሬው ያው 200 ብር ባለዕዳ ነው። ቁጥሩን ለማስረጃ ያህል ወሰድን እንጂ የነገሩ አካሄድ ይህ ነው።

እዚህ ላይ ልናተኩርበት የሚገባ ነጥብ አለ። በቡና አገር ተበዳሪው ዕዳውን የሚከፍለው ከቡናው ነው፤ ያስያዘውም ቡናውን ነው። ስለዚህ ወለድ አገድ የዕዳውን መክፈያ ከባለዕዳው እጅ አውጥቶ ለአበዳሪው የሚሰጥ ውል ነው። ጤፍ የሚያመርት ሰው ሌላ ማሳ ተከራይቶ በአንድ ዓመት ሊያርስና ሊያጭድ ይችላል፤ የቡና ባለቤት ግን የተከራየው ማሳ ላይ ተክሎ አራት ዓመት ሊጠብቅ አይችልም። በመጨረሻ ጥቂት ጭማሪ ተቀብሎ ማሳውን ለአበዳሪው በሽያጭ ይለቅለታል፤ ቀድሞ በራሱ በነበረው መሬት ላይም እኩል አራሽ ሆኖ ይቀራል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ባለዕዳው ባይከፍል አበዳሪው መሬቱን በራሱ ሥልጣን ይወስዳል የሚል ውል እንዳይጸና ደንግጎ ነበር። ሽያጩም በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ አዝዞ ነበር። ዳሩ ግን በራሱ ፈቃድ ፈረመ የተባለን ሰው ሕጉ ሊያድነው አይችልም። ያው ሕግ በሌላ በኩል፥ የመሬቱን ግብር 15 ዓመት በተከታታይ የከፈለ ባለይዞታ ባለሀብት ይሆናል ይላል። በዚህም የተነሣ የግብር ደረሰኝ ከወርቅ የከበረ ወረቀት ሆነ፤ ደረሰኙ በማን ስም ይቆረጥ የሚለው ነገር የብዙ ክርክር ምንጭ ነበረ።

ይሁን እንጂ ወለድ አገድን በክፋት ብቻ መመልከት ትክክል አይመስለንም። የመሬቱን ሙሉ ዋጋ የሌለው ሰው በጥቂት ገንዘብ ማሳ የሚገባበት በር እርሱ ነበረ። ቆጥቦ ያበደረ ቡና ለቃሚ በወለድ አገድ የያዘውን ማሳ ቆይቶ በጭማሪ ገዝቶ ቤት ሊሠራበት ይችል ነበር። ለአንዱ መግቢያ የሆነው በር ለሌላው መውጫ ነበረ ማለት ነው።

፬. ባንኮች ወዴት ነበሩ?

ለአነስተኛ ገበሬዎች ብድር እንዲሰጥ የታሰበው የእርሻ ባንክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1945 ተቋቋመ፤ በ1951ም የልማት ባንክ ተተካ። ባንክ ግን ዋስትና ይጠይቃል፤ ዋስትናውም በስም የተመዘገበ መሬት ነው። መሬት ለመግዛት የሚበደር ሰው መሬት የለውም፤ መሬት ያለው ደግሞ ለመግዛት ከሁሉ ያነሰ ችግር ያለበት ነው። ስለዚህ የባንኩ ገንዘብ ወደ ትልልቁ ባለርስት አዘነበለ። ለትንሹ ሰው ባንኩ የቡና ነጋዴው ነበረ። ነጋዴው የማሳውን ልክ፥ የባለቤቱን ጠባይና የቤተሰቡን ችግር ያውቃል፤ የይዞታ ካርታም አይጠይቅም። ይህ ዕውቀት ነበረ የብድሩ ዋስትና፤ የብድሩም ጉልበት።

፭. ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሁሉ ባንድ ቀን አቆመው። መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ በሽያጭ፥ በመያዣ፥ በወለድ አገድና በኪራይ ማስተላለፍ ተከለከለ። የጅማ ጭሰኛ ከሲሶና ከእኩል ተላቀቀ። ለብዙ ዓመት በወለድ አገድ ተይዞ የቆየ ማሳ ለሚያርሰው ሰው ቀረ።

ከአራት ወር ያህል በኋላ፥ በሐምሌ 1967 ዓ.ም.፥ በብራዚል እንደ ገና ታላቅ ውርጭ ወረደ፤ የቡና ዋጋም በ1969 ዓ.ም. ከቀድሞው ሁሉ በለጠ። ይህ ገንዘብ ከጥቂት ዓመት በፊት ቢመጣ ኖሮ የመሬት ግዢ ጎርፍ ባስከተለ ነበር። አሁን ግን የሚገዛ መሬት አልነበረም፤ ከገንዘቡም ብዙው በቀረጥና በመንግሥት ግዢ ወደ ግምጃ ቤት ገባ።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። ነገር ግን ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ያቆመው ቋሚ ሀብት የራሱ መሆኑን፥ ሊሸጠውም እንደሚችል ይኸው አንቀጽ ይናገራል። በመግቢያችን የጠቀስነው «የገዛሁት ቤቱን ነው» የሚለው መልስ መነሻው ይህ ነው። በከተማ ዳር ያለ ገበሬ መሬቱ ለከተማ ሊወሰድ እንደሚችል ይሰጋል። ካሣው በ1997 ዓ.ም. አዋጅ የዓመት ገቢው አሥር እጥፍ፥ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ አሥራ አምስት እጥፍ ሆኖ ቢወሰንም፥ ገዢው በእጁ ይዞለት የመጣው ብር ይበልጥበታል። ስለዚህ ውሉ የቤት ሽያጭ፥ ስጦታ ወይም ብድር ተብሎ ይጻፋል።

ቀድሞ ብድር ተብሎ የተጀመረው በሽያጭ ያልቅ ነበር፤ አሁን ሽያጩ ራሱ ብድር ተብሎ ይጻፋል። ቀድሞ ጉዳቱ የሚደርሰው በተበዳሪው ላይ ነበረ፤ አሁን ግን በሁለቱም ላይ ነው። ሻጩ ካስቀመጠው ገንዘብ ጋር ሲቀር ልጆቹ የሚያርሱት አይኖራቸውም። ገዢውም የዕድሜ ቁጠባውን ከእቁብና ከዘመድ ሰብስቦ የከፈለበት ውል ፍርድ ቤት ፊት የማይቆም ነው።

መደምደሚያ

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ፥ የይዞታ ማረጋገጫ ያለው ገበሬ የመጠቀም መብቱን አስይዞ ከገንዘብ ተቋም እንዲበደር ፈቅዷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም የቡና ዋጋ ከዚያ በፊት ያልታየ ከፍታ ላይ ደርሷል። ብድርና ቡና በጅማ አገር እንደ ገና ተገናኝተዋል ማለት ነው። ዕዳው ባይከፈል ለአበዳሪው የሚተርፈው መሬቱ ሳይሆን በመሬቱ የመጠቀም መብት ነው፤ ይህም ወለድ አገድን ለሚያውቅ ሰው ፍጹም አዲስ ነገር አይደለም።

እኛ ብድሩን አንቃወምም። ገበሬው ከነጋዴ እጅ ወጥቶ በታወቀ ወለድ ቢበደር መልካም ነው። ሆኖም ያለፈው ታሪክ አንድ ጥያቄ ያስተምረናል፤ ይኸውም፥ ባለዕዳው ዕዳውን የሚከፍልበት ቡና በማን እጅ ይቀራል? የሚለው ነው። ውሉ ቡናውን ከባለቤቱ እጅ ከነጠቀ፥ አበዳሪው ነጋዴም ይሁን ባንክ ፍጻሜው አንድ ነው።

በመጨረሻ የጥናት ጓደኞቻችንን የምንለምነው ነገር አለ። ያረጁ የወለድ አገድ ውሎችና የግብር ደረሰኞች በየአባወራው ሣጥን ውስጥ እየበሰበሱ ይሆናል። በየሄድንበት አይተን እንድንገለብጣቸው ያስፈልጋል። የጅማ መሬት ታሪክ ከአዋጆች ይልቅ በእነዚያ ወረቀቶች ተጽፎ ይገኛልና።