ኤንቨር ሆጃ፦ ከወዳጅ መለየት እንደ አገዛዝ ስልት



የዛሬው ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ኤንቨር ሆጃ አልባንያን ከ40 ዓመታት በላይ ለመግዛት የቻለው እንዴት ነው? የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሆጃ በ1908 በጂሮካስተር ከተማ ተወለደ። በፈረንሳይ አገር በሞንፔልዬ የጀመረውን ትምህርት ሳይፈጽም ተመልሶ በኮርቻ ከተማ ፈረንሳይኛ አስተማረ። ጣሊያን አገሪቱን ከወረረች ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1941፣ የኮሚኒስት ፓርቲው ሲመሠረት መሪ ሆነ፤ በ1944 ሥልጣን ያዘ፤ በ1985 እስኪሞትም አልለቀቀም። መሃይምነትን በመቀነስና መብራትን ለገጠር በማዳረስ ረገድ የተገኘው ውጤት የሚካድ አይደለም። የአገዛዙ ምሥጢር ግን ያለው ሌላ ዘንድ ነው።

በ1948 ከዩጎዝላቪያ ተለየ፤ በማግሥቱ ዓመት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ኮቺ ዞዜ ተገደለ። በ1960 ከሶቪየት ኅብረት ጋር ሲጣላ ሊሪ በሊሾቫ ከፓርቲው አመራር ተባረረች። ከቻይና ጋር ያለው ወዳጅነት በሻከረበት ዘመን፣ በ1975፣ የመከላከያ ሚኒስትሩ በቂር ባሉኩ ተረሸነ። በ1981 ለ27 ዓመታት በጠቅላይ ሚኒስትርነት ያገለገለው ሜህሜት ሼሁ ሞቶ ተገኘ። መንግሥት በመጀመሪያ ራሱን ገደለ አለ፤ ቆይቶም የባዕዳን ሰላይ ነበር ሲል ወነጀለው።

እንግዲህ ከውጭ ወዳጅ ጋር የተፈጠረው ጠብ፣ የቅርብ ጓድን በከሃዲነት ለመክሰስ ምክንያት ሆኖ አገልግሏል ማለት ነው። ክቡ በጠበበ ቁጥር ጥርጣሬው ሰፋ። በ1967 ቤተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ተዘጉ፤ የ1976ቱ ሕገ መንግሥት ከውጭ መበደርን ከለከለ፤ ምድሪቱም በብዙ ሺሕ የኮንክሪት ምሽጎች ተሸፈነች።

ይህ ታሪክ ለእኛም ባዕድ አይደለም። ሆጃ በሞተበት ዓመት በአገራችን የተመሠረተው የትግራይ ማርክሳዊ ሌኒናዊ ሊግ፣ በአጭሩ ማሌሊት፣ አልባንያን በአርአያነት ይመለከት ነበር። ከተዘጋ አገር የሚወጣው የመሪው ድርሳን እንጂ የእስረኛው ድምፅ አልነበረምና፣ ከሩቅ ያነበበ ሁሉ ያየው ጽናትን ብቻ ነው።

በፌብሩዋሪ 1991 የቲራና ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሆጃ ስም ከተቋማቸው ይነሣ ብለው የረኀብ አድማ መቱ፤ በወሩ 20ኛ ቀን ሕዝቡ ሐውልቱን በአደባባይ ገነደሰው። ሆጃ በስተርጅናው ስለ እነዚያ ጠቦች ተከታታይ ማስታወሻዎችን ጽፎ አሳትሟል። እናንተም ስታነቧቸው፣ የተገደሉትንና የታሰሩትን ሰዎች ስም ከጎን አስቀምጣችሁ እንድታነቧቸው አደራ እላለሁ።