ከጆንያ ወደ ጣሳ፦ ድምፃችን ለምን ይሰነጠቃል?

መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ሄዳችሁ ማስነጠሱን ከቻላችሁት አንድ ነገር ልብ በሉ። ጆንያ ሞላ ቢባልም እምቢ አይልም፤ ትንሽ ያብጣል፣ ይወጠራል፣ ይችለዋል። ጣሳ ግን አፉ ድረስ ከሞላ በኋላ የምትጨምሩበት ሁሉ መሬት ላይ ይፈሳል። ይህን ልዩነት ያዙልኝ።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ወደ ጀርመን ሄደው ሸክላ ሲያስቀርጹ ማይክሮፎን ለሸክላ ቀረጻ ገና አገልግሎት ላይ አልዋለም። ድምፃቸው በትልቅ ቀንድ መሰል ቱቦ ገብቶ መርፌውን እያንቀጠቀጠ ጎድጓዳ መስመር ያስቆፍር ነበር። በ1960ዎቹ መግቢያ አምሃ እሸቴ በአምሃ ሪከርድስ የአዲስ አበባን ሙዚቃ በሸክላ አሳተሙ። በደርግ ዘመን ደግሞ፣ ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተዋወቀው ካሴት ሸክላውን ተካው። መርካቶም የካሴት ገበያ ሆነ።

ካሴት አንድ አመል አለው፤ ከዘፈኑ ሥር ሁልጊዜ «ሽሽሽ» ይላል። ከካሴት ወደ ካሴት በተገለበጠ ቁጥር ሽሽታው ይጨምራል። ስለዚህ ቀጂዎች አንድ ብልሃት ነበራቸው፦ ድምፁን ከፍ አድርጎ መቅዳት። ዘፈኑ ሲጎላ ሽሽታው ይዋጣል። የመለኪያዋ መርፌ አልፎ አልፎ ቀዩን ብትነካም ችግር የለም፤ ክሩ ላይ ያለው የማግኔት ዱቄት የሚጠግበው ቀስ በቀስ ነው። ካሴት ጆንያ ነው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1982 ሲዲ ለገበያ ቀረበ፤ ድምፅም ቁጥር ሆነ። ሲዲ ድምፁን በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱን ልኬት ከ65,536 ደረጃዎች በአንዱ ይመዘግባል። ትልቁ ቁጥር 32,767 ነው፤ ከዚያ በላይ ቁጥር የለም። ድምፁ ካለፈ የሞገዱ አናት በመቀስ እንደተቆረጠ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ጆሯችን «ጠርርር» የሚል ይሰማል። ባለሙያዎች ክሊፒንግ ይሉታል። ይሄ ጣሳ ነው።

አያችሁ፣ በካሴት ዘመን ብልሃት የነበረው ልማድ በኮምፒውተር ዘመን ጥፋት ሆነ! ባለ 16 ቢት ቀረጻ ወደ 96 ዴሲቤል የሚደርስ ስፋት ስላለው ሽሽታን ለመሸሽ ድምፅ መጨመር አያስፈልግም።

ስለዚህ የቤታችሁን አሮጌ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጡ ቀረጻው ከተበላሸ እንዲህ መርምሩ፦

• የሚሰነጠቀው ዘፈኑ ሲጎላ ብቻ ነው? ጣሳው ሞልቷል ማለት ነው። ሽቦውን የት ሰካችሁት? የማይክሮፎን መግቢያ (ብዙ ጊዜ ሮዝ ቀለም ያለው) በጣም ደካማ ምልክት ስለሚጠብቅ የቴፑን ድምፅ ያጎላዋል። ላይን ኢን (ሰማያዊው) ካለ እዚያ ሰኩ። ከዚያ የመግቢያውን መጠን ቀንሱ፤ ከፍተኛው ድምፅ ከጣሪያው 12 ዴሲቤል ገደማ ዝቅ ቢል በቂ ነው።

• ዝግ ባለው ክፍልም ሳይቀር «ጠቅ ጠቅ» ይላል? ይህ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ኮምፒውተሩ መቅዳቱን አልደረሰበትም። ሌሎች ፕሮግራሞችን ዝጉ፣ በቀረጻ ፕሮግራሙ ላይ በፈር የሚባለውን ማቆያ ከፍ አድርጉ።

ቀድታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ድምፁን ብትቀንሱ ግን ምንም አይረዳም። የተቆረጠው አናት አይመለስም፤ የጥገና ፕሮግራሞችም ቢሆኑ የሚሞሉት በግምት ነው። ካሴቱ ላይ ያለው የሴት አያታችሁ ድምፅ ከሆነ ደግሞ ግምት አይበቃም። አሮጌ ክር በተጫወተ ቁጥር ይደክማል፣ አንድ ቀንም ይበጠሳል። እንግዲያው መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ብቻ ቅዱ፣ አዳምጡ፣ ጣሳው አለመሙላቱን እዩ፤ ከዚያ ሙሉውን ቅዱ።