የሸክላው ጭቃና የቬኒስ ጭምብል

በሰሜን ኢጣልያ በውኃ ላይ የተቈረቈረችው የቬኒስ ከተማ ለጭምብል ሠሪዎቿ የሙያ ማኅበር ደንብ ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 1436 ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዘመናት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) ጭምብል ሠሪዎቹ ከሠዓሊዎች ማኅበር ጋር የሚቈጠሩ ነበሩ። ለጨዋታ የሚውል ዕቃ የሚሠራ ሰው እንዴት ደንብና ማኅበር ሊኖረው ቻለ? የሚል ጠያቂ ቢኖር፣ መልሱን ከከተማይቱ አኗኗር ያገኘዋል።

በቬኒስ ጭምብል ያጠለቀ ሰው በስሙና በማዕረጉ ሳይሆን በጭምብሉ ብቻ ይጠራ ነበር። መኰንኑና ነጋዴው በአንድ አደባባይ እኩል ይቆማሉ፤ ባለዕዳው ባበዳሪው ፊት ሳይፈራ ያልፋል። መንግሥት በ1608 ባወጣው ሕግ ጭምብል ከካርኒቫል ወራት ውጭ እንዳይለበስ በብርቱ ቅጣት ከለከለ፤ በ1638 በከፈተው የቁማር ቤት ግን ተጫዋቾች ሁሉ ጭምብል እንዲያጠልቁ ግዴታ አደረገ። ገንዘብ በሚገባበት ደጅ ሕግ እንዲህ ይለዝባል። የቁማር ቤቱ በ1774 ተዘጋ።

የጭምብሉ ሥራ ዛሬም በከተማይቱ ሱቆች እንደሚታየው የሚጀመረው ከጭቃ ነው። ባለሙያው ከጠጠር የጸዳ የሸክላ ጭቃ አቡክቶ በሰሌዳ ላይ ካኖረ በኋላ፣ በጣቱና በትንንሽ የእንጨት መሣሪያዎች ግንባሩን፣ አፍንጫውንና ጉንጩን ያወጣል። እዚህ ላይ ከውበቱ ይልቅ የሚያስጨንቀው የመላቀቁ ጉዳይ ነው። የአፍንጫው ቀዳዳ ወይም የአገጩ ሥር ወደ ውስጥ ጠልቆ ከታጠፈ፣ በላዩ የሚፈስሰው ጄሶ ከጠነከረ በኋላ ነክሶ ይይዛል እንጂ አይለቅም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጎን ጥቂት ወደ ውጭ ያዘነበለ መሆን አለበት። ጄሶውም የሚፈስሰው ጭቃው እርጥበቱን እንደ ያዘ ነው፤ ከደረቀ ይኰማተራል፣ ይሰነጠቃልም። (ጄሶ የሚለው ስም ወደ እኛ የሕንፃ ሥራ የገባው ከዚያው ከጣልያንኛ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።) ጄሶው ሲጠነክር ጭቃው እየተቦጨቀ ይወጣል፤ መልኩ ይጠፋል፤ እንደገና ተቡክቶም ለሚቀጥለው ሥራ ይቀመጣል። አንጥረኛ ሰሙን አቅልጦ ወርቁን እንደሚያስቀር ሁሉ፣ በዚህ ሙያ ሰሙ ጭቃው ነው።

ከዚያ በኋላ ጎድጓዳው ጄሶ ቅባት ይቀባና በሙጫ የራሰ ወረቀት በቁርጥራጭ እየተነባበረ ይለጠፍበታል። ወረቀቱ ደርቆ ሲላቀቅ ዐይኖቹ ይቈረጣሉ፤ ፊቱ ነጭ ተቀብቶ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ቀለምና ሰም ይከተላሉ። አንድ ቅርጽ ማውጫ ብዙ ጭምብል ይሰጣል። የሚገኘውም ዕቃ ቀላልና ጠንካራ ነው፤ በእሳት የተተኰሰ የሸክላ ጭምብል ግን ከክብደቱና ከተሰባሪነቱ የተነሣ ለግድግዳ ጌጥ ይሆናል እንጂ ለፊት አይመችም።

ከጭምብሎቹ ሁሉ በብልሃት የሚበልጠው ባውታ የሚባለው ነው። አፍ የለውም፤ የላይኛው ከንፈር ወደ ፊት ተገፍቶ ስለ ወጣ ግን የለበሰው ሰው ሳያወልቀው ይበላል፣ ይጠጣል፤ ድምፁም በዚያው ክፍተት ውስጥ ይለወጣል። ፊትን የሚሰውር ጭምብል ብዙ ነው፤ ድምፅንም የሚሰውር ጥቂት ነው።

ሜይ 12 ቀን 1797 የቬኒስ ታላቅ ምክር ቤት በናፖሊዮን ጦር ፊት ራሱን አፈረሰ። ቀጥለው የገዙት ፈረንሣውያንና ኦስትሪያውያን ጭምብልን በበጎ ዐይን አላዩትም፤ ሙያውም እየመነመነ ሄደ። ጭቃው ድሮውንም አይቀመጥም፤ ጄሶውም ተተኪ ባለሙያ ከሌለው በምድር ቤት እርጥበት የሚፈርስ ነገር ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ካርኒቫሉ እንደገና ሲቋቋም፣ ሱቅ የከፈቱት ወጣቶች የሚጠይቁት አሮጌ መምህር ስላልነበራቸው ወደ ሥዕሎች ዞሩ። ፒዬትሮ ሎንጊ በ1751 በካርኒቫል ለሕዝብ የታየችውን አውራሪስ ሲሥል፣ ከተመልካቾቹ መካከል ነጭ ባውታ ያጠለቀ ሰውና ጥቁር ክብ ጭምብል ያደረገች ሴት አስቀምጧል። ያን ጥቁር ጭምብል ሴቶች የሚይዙት ከውስጡ ያለውን ቍልፍ በጥርሳቸው ነክሰው ስለ ነበር፣ እስኪያወልቁት ድረስ አይናገሩም። ሥዕል ግን መልክን ይሰጣል እንጂ ውፍረትንና የሙጫን መጠን አይሰጥም። የጥንቱ ባውታ ብዙ ጊዜ ሰም ከተነከረ ጨርቅ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ የሚሸጠው በአብዛኛው የወረቀት ነው። ስለዚህ የአሁኑ የጥንቱ ዘመድ ነው እንጂ መንትያው አይደለም።

ይሁን እንጂ ይህ እንደገና የተማሩት እጅ ሥራ ከካርኒቫል ውጭም አገልግሏል። ጃንዋሪ 29 ቀን 1996 የላ ፌኒቼ ቴያትር በእሳት ወደመ። «በነበረበት ቦታ እንደ ነበረ» እንዲሠራ ሲወሰን፣ የአዳራሹ ጌጦች ከፊላቸው የወረቀትና የሙጫ ሥራ እንደ ነበሩ ታወቀ፤ የቅርጻ ቅርጹንም ሥራ ከመሩት አንዱ የጭምብል ባለሙያ ሆነ። የሚመሩባቸው አሮጌ ፎቶግራፎችና ሉኪኖ ቪስኮንቲ በ1954 ባወጣው «ሴንሶ» በተባለው ፊልም ውስጥ አዳራሹን ያነሣባቸው ትዕይንቶች ነበሩ። ቴያትሩ በዲሴምበር 2003 እንደገና ተከፈተ።