ከውጅግራ እስከ ማግነም

እ.ኤ.አ. በ1886 የፈረንሳይ ጦር ጢስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ሌበል ጠመንጃ ሲታጠቅ፣ አሮጌው ጠመንጃው ውጅግራ ገዢ ፍለጋ ወደ ቀይ ባሕር ወረደ። በኦቦክና በጅቡቲ ተሻግሮ ሸዋ ገባ። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከተሰለፉት ጠመንጃዎች ብዙዎቹ ከዚሁ ዘር ነበሩ። ጦርነቱ ካለፈ በኋላም ሥራ አልፈታም፤ በዝሆን ጥርስ እየተለወጠ ወደ ምዕራብ ቆላ ዘለቀ።

ራስ መኮንን በ1890 ዓ.ም. ወደ ቤኒሻንጉል ዘምተው አካባቢውን ለአፄ ምኒልክ ካስገበሩ ወዲህ የአሶሳው ገዢ ሼህ ሆጀሌ አልሀሰን ከማዕከሉ ጋር ተሳሰሩ። አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም ሰፈር በስማቸው ይጠራል። ከዚያ አገር ሲጫን የኖረው ሀብት በመጀመሪያ ወርቅ ነው፣ የዝሆን ጥርስም አብሮት ይወጣ ነበር። በዘመኑ ልማድ ዝሆን ሲወድቅ መሬት የነካው ጥርስ የገዢው፣ ሌላው የአዳኙ ነው። ገዳዩ ቅቤ ተቀብቶ፣ ሎቲ በጆሮው አድርጎ፣ ዘራፍ እያለ ይፎክራል። የአንድ ግዳይ ክብር ዕድሜ ልክ ይከተለዋል።

ያ ክብር እንዴት ባለ ጥይት እንደተገኘ ማየት ደግሞ ያስደንቃል። የውጅግራ አረር 11 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 25 ግራም ክብደት ያለው እርሳስ ነው። ከአፈሙዙ ሲወጣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ ነው። በ200 ሜትር ልክ የተነጣጠረ ውጅግራ 300 ሜትር ላይ ሲደርስ አረሩ ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል። ለስላሳ እርሳስ ደግሞ የዝሆን ራስ ቅል ላይ ይጨፈለቃል። በዚያ ላይ ጥቁሩ ባሩድ የሚተፋው ነጭ ጢስ አውሬውን ከተኳሹ ይጋርዳል፣ ተኳሹን ግን ለአውሬው ያሳያል። ስለዚህ አዳኞች ብዙ ሆነው ይጠጋሉ፣ አብረው ይተኩሳሉ።

በአሶሳ ዙሪያ ካለው ሽመልና ከክረምት በኋላ ሰው ከሚውጠው ሣር ውስጥ ሩቅ ተኩስ ከቶም አይታሰብም ነበር። ለመጠጋት ሌላም ምክንያት አለ፤ ጥይት ገንዘብ ነው። በዚያ ዘመን በብዙ የኢትዮጵያ ገበያ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው የዝርዝር ገንዘብ ሆኖ ያገለግል ነበር። የተተኮሰ ቀለህም አይጣልም፤ ባሩድና እርሳስ ተሞልቶ ዳግመኛ ይተኮሳል። ኪሱ ውስጥ ያለውን ገንዘብ ወደ አውሬ የሚወረውር ሰው እርግጠኛ ሳይሆን ቃታ አይስብም።

የጢስ አልባ ባሩድ መምጣት ይህን ሁሉ ቀየረው። ስኮትላንዳዊው ዝሆን አዳኝ ዋልተር ቤል በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ማጂን ረግጧል፣ የጋምቤላውን የጊሎ ወንዝም ተከትሏል። በዕድሜው ከአንድ ሺህ በላይ ዝሆኖች ገድሏል፤ ዛሬ ሲነበብ የሚያሳዝን ቁጥር ነው። ከጠመንጃዎቹ ሁሉ በጣም የታወቀው 7 ሚሊ ሜትር የሚተኩሰው ሪግቢ ነበር፤ አረሩ 11 ግራም ብቻ። የቤል ብልሃት ጉልበት አልነበረም። የዝሆንን ራስ ቅል አጥንቶ፣ ጫፉ በጠንካራ ብረት የተለበጠ ረጅም አረር አንጎል ላይ ያሳርፍ ነበር። ያንን የራስ ቅል ዕውቀት ሳይዙ ጠመንጃውን ብቻ የቀዱት ግን አውሬ አቁስለው ለሥቃይ ዳርገዋል፤ አንዳንዶቹም በአውሬው ተረግጠው ቀርተዋል።

ከባድ አረር ለሚሹት እ.ኤ.አ. በ1912 የለንደኑ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ .375 ማግነምን ሠራ። በጊዜው የእንግሊዞች ባሩድ ኮርዳይት ነበር፤ በሙቀት ግፊቱ ይጨምራል፣ ቀለሁንም ጠመንጃው ውስጥ ያጣብቀዋል። ስለዚህ ቀለሁ ወደ አፉ እየቀጠነ እንዲሄድ ተደረገ፣ በቀላሉ እንዲወጣ። ቦታውን የሚይዝበት በቂ ትከሻ ስለሌለው ከሥሩ ቀበቶ መሰል ጠርዝ ተበጀለት። ይህ ለቆላ ፀሐይ የታሰበ ሥራ ነው። 19 ግራም የሚመዝን አረር በሴኮንድ 770 ሜትር ይወረውራል፤ በአፈሙዙ ላይ ያለው ጉልበት ከውጅግራው ከእጥፍ ይበልጣል።

ደጋው ሌላ ነገር ጠየቀ። ኢቮር በክስተን እ.ኤ.አ. በ1908 ያደነው የደጋ አጋዘን ከሁለት ዓመት በኋላ ለሳይንስ አዲስ ዝርያ ሆኖ ተመዘገበ፤ የዓለም አዳኞችም ዓይናቸውን አርሲና ባሌ ላይ ጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1926 የቺካጎው ፊልድ ሙዚየም ቡድን በዊልፍሬድ ኦስጉድ መሪነት መጥቶ ይህንኑ እንስሳ ለስብስቡ ወሰደ። አጋዘኑ አስታ ውስጥ ይጠለላል፣ ከሸለቆ ማዶ ይታያል፣ ወዲያው ይሰወራል። እንዲህ ላለው አደን እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው .300 ዊንቸስተር ማግነም ተስማሚ ሆነ፤ 12 ግራም ያህል አረር በሴኮንድ 900 ሜትር ይጓዛል። በ200 ሜትር ከተነጣጠረ 300 ሜትር ላይ የሚወርደው ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ነው፣ .375ቱ ግን ከ30 ይበልጣል። በ3,000 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ስለሚሳሳ አረሩ ፍጥነቱን ይበልጥ ይጠብቃል። ቆላ ላይ መነጽሩን ያስተካከለ ሰው ደጋ ሲወጣ እንደገና ዒላማ መምታት ያለበትም ለዚህ ነው።

አደኑ ያለ ሕግ አልቀረም። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1909 በተለይ የዝሆንን አደን የሚመለከት ደንብ አወጡ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 የአውሬ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 61 ተከተለ፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 541 ወጣ። ሙኔሳና ኦዶ ቡሉ የደጋ አጋዘን በፈቃድ የሚታደንባቸው ቀበሌዎች ናቸው፤ በቤኒሻንጉል በኩል የዳቡስ ሸለቆ እንዲሁ የቁጥጥር አደን ቀበሌ ሆኖ ተከልሏል። በዳቡስ ሣር ውስጥ ጎሽ የሚገጥም አዳኝ የሚተኩሰው በጥቂት አሥር ሜትሮች ርቀት ነው። እዚያ የ.300ው ፍጥነት ምንም አይጠቅመውም፤ የሚያስፈልገው የማይበታተን፣ ወፍራም ቆዳና አጥንት በስቶ የሚያልፍ ከባድ አረር ነው።