በተደራራቢ ልስን ላይ ጭሮ የማስጌጥ ጥበብና የነባር ግድግዳዎች አጠባበቅ

በተደራራቢ ልስን ላይ እየጫሩ ማስጌጥ በኪነ ሕንፃ ሙያ «ስግራፊቶ» በመባል የሚታወቅ ሲሆን፣ ስያሜው መጫር የሚል ትርጉም ካለው የጣሊያንኛ ግስ የመጣ ነው። ግድግዳው በቅድሚያ በጠቆረ ልስን ይለሰናል፤ በላዩ ስስ ነጭ ኖራ ይቀባል፤ ኖራው ሳይደርቅ በሹል ብረት ሲጫር ከሥር ያለው ጥቁር መልክ ወጥቶ ሥዕል ይሆናል። ጣሊያናዊው ሠዓሊና ጸሐፊ ጆርጆ ቫዛሪ እ.ኤ.አ. በ1550 በታተመው መጽሐፉ፣ የሥሩ ልስን የሚጠቁረው በተቃጠለ ገለባ እንደሆነ ገልጿል። ጭቃ ከጭድ ጋር አቡክቶ ለሚለስነው የደባርቅና የዳባት ነዋሪ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

በጎንደር አቅራቢያ የሚገኙት የወለቃ ሸክላ ሠሪዎችም እርጥብ ሸክላ ላይ መስመር እየጫሩ ያስጌጣሉ። ሆኖም የሚጫረው አንድ ንብርብር ብቻ በመሆኑ የስግራፊቶ ዘመድ እንጂ ራሱ ስግራፊቶ አይደለም።

እርጥብ ልስን ላይ የተጫረ መስመር ጌጥ ነው፤ በደረቀ ነባር ልስን ላይ የሚጫር ስም ወይም ቀን ግን ጉዳት ነው፣ ወደ ነበረበትም አይመለስም። ለዕድሳት ተብሎ ግድግዳን መፋቅ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። በደብረ ብርሃን ሥላሴ እንደሚታየው፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ብዙውን ጊዜ በልስን ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ የተሣሉ በመሆናቸው ልስኑ ሲነሣ ሥዕሉም አብሮ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የፋሲል ግቢ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለጥገና የዋለው ሲሚንቶ ከነባሩ የኖራ ሥራ ጋር ባለመጣጣሙ በኋለኞቹ ጥገናዎች ወደ ኖራ መመለስ ግድ ሆኗል። ሲሚንቶ እርጥበትን አፍኖ ይይዛል፤ ኖራ ግን ያስተነፍሳል።

በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ማንኛውም የቅርስ ጥገና አስቀድሞ የሚመለከተውን ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል። ስለሆነም ነባር ቤተ ክርስቲያን ወይም ሕንፃ ለማደስ ያሰቡ የደብር አስተዳደሮችና ባለይዞታዎች፣ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በወረዳቸው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጥያቄያቸውን በጽሑፍ ቢያቀርቡና የግድግዳውን ፎቶግራፍ ቢያያይዙ ይመከራል። በሥራ መካከል ከልስን ሥር ቀለም ወይም ጽሑፍ ብቅ ካለ ፍቂያው ወዲያውኑ ይቁም፤ ቦታው በውኃ አይታጠብ፣ በኖራም ሆነ በሲሚንቶ አይሸፈን፤ ባለሙያ እስኪመጣም እንዳለ ይቆይ።